ዓሣው ራሱ ወደ እጅ ሲመጣ፦ ስለ ብርብራ፣ ስለ ክረምት መረብና ስለ ዝም ባዮቹ



ዛሬ የምናነሳው ስለ ዓሣ ነው። "የጤፍና የበግ አገር ላይ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማውራት ምን የሚሉት ነው?" የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግን ከጮቄ ተራራ ተነስተው ወደ ዓባይ የሚወርዱት ሱሃና ሙጋ ዓሣ አላቸው። በሞጣ በኩል ወደ ሰባራ ድልድይ አቅጣጫ ቁልቁል የሚወርድ ሰውም ዓባይ ዳር ሲደርስ መንጠቆ የያዘ ልጅ አያጣም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ትል ቆፍረን ወንዝ ወርደናል። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

መንጠቆ ግን እያረጀ ነው። አሁን አሁን ወንዝ የሚወርደው ልጅ የሚይዘው ብርብራ ነው። ብርብራን የማያውቅ ካለ፦ በብዙ የአገራችን ክፍል ለጥላ የሚተከል፣ ከኢትዮጵያ ሌላ በተፈጥሮ የማይገኝ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ዱቄቱ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያደነዝዘዋል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣው በውኃ ውስጥ ኦክስጅን እያለ ሰውነቱ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ታፍኖ ይንሳፈፋል። ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ችግሩ ብርብራው ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ሁለት ኪሎ የሚመዝነው ዓሣ ሲንሳፈፍ፣ እንደ ጣት ጥፍር ያለው ጫጩትም አብሮ ይንሳፈፋል፤ ዓሣው የሚመገባቸው የውኃ ነፍሳትም ያልቃሉ። ልጁ ትልልቆቹን በፌስታል ይዞ ይወጣል፤ የቀረውን ወንዙ ይዞት ይሄዳል። በአንድ ከሰዓት የሦስትና የአራት ዓመት ዓሣ ያልቃል ማለት ነው።

"ዓሣ ሐላል ነው፣ መታረድም አያስፈልገው፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?" የሚል ወንድም ያጋጥማል። ዓሣው ሐላል መሆኑን ማንም አልካደም። በመርዝ የሞተን ዓሣ ስለመብላት ያለውን የፊቅህ ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተወው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ከታች በኩል ያለው መንደር ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የሚያጠምደው ምንድን ነው? ወንዙ የአንድ ሰው ማሳ አይደለም። የጋራ የሆነን ነገር ዘሩን ጭምር አጥፍቶ "ሐላል በላሁ" ማለት እንዴት ይሆናል?

የዚህ ነገር ትልቁ መልክ የሚታየው ግን እኛ ጋ ሳይሆን ጣና ላይ ነው። ጣና ውስጥ ሰው የሚበላቸው ዓሦች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ገበያ ላይ በአንድ ስም "ነጭ ዓሣ" የምንለው በሳይንስ ሲታይ አንድ አይደለም። ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለነጠላቸው ጣና ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው የተገኙ ናቸው። በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሰባቱ ሐይቅ ውስጥ እየኖሩ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ግን ወንዝ ወጥተው ነው። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ደራሹን ተከትለው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበት፣ ውኃው ጠርቶ የሚፈስበት ቦታ ደርሰው እንቁላል ይጥላሉ።

ሳልመን የሚባለውን ዓሣ በፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ውቅያኖስ ገብቶ ያድግና፣ እንቁላል ሊጥል የተወለደበትን ወንዝ በሽታ ለይቶ ፏፏቴ እየዘለለ ይመለሳል። የእኛ ነጭ ዓሣም እንደዚያው ነው፤ ውቅያኖሱ ጣና ነው። ልዩነቱ ለሳልመን በብዙ ቋንቋ ፊልም ተሠርቶለታል፣ ለጉማራው መንገደኛ ግን መረብ ነው የተዘረጋለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ተበትኖ የኖረ ዓሣ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በራሱ እግር መጥቶ በጥቂት ሜትር ወንዝ አፍ ላይ ይታጨቃል። ለአስጋሪ ከዚህ የቀለለ ጊዜ የለም። ሆዱም በእንቁላል የተሞላው ያኔ ነው። አንዷን እናት ያጠመደ ሰው በሺዎች የሚቆጠር እንቁላልም አብሮ አወጣ። ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1991 እና 2001 ላይ በባሕር ዳር በኩል ያለውን የሐይቁን ክፍል ለክተው ሲያወዳድሩ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። አሥር ዓመት ብቻ! የጫጩቶቹ መቀነስ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። ምክንያት ብለው ያስቀመጡት ዋናው ነገር ይኸው በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው።

ይህን ስናነብ ወዲያው ትዝ ያለን ሱረቱል አዕራፍ ላይ የተወሳው የሰንበት ሰዎች ታሪክ ነው። በባሕር ዳር የነበረች አንዲት ከተማ ታሪክ ነው (የእኛን ባሕር ዳር ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ሙፈሲሮች በቀይ ባሕር ጫፍ የነበረችው አይላ ናት ይላሉ)። የከተማዋ ሰዎች ቅዳሜ ቀን እንዳያሰግሩ ታዘዙ። ዓሣው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በውኃው ላይ እየታየ ይመጣላቸው ነበር፤ በሌላው ቀን አይመጣም። ፈተናው ይህ ነበር። ዓሣ በጠፋበት ቀን ዓሣ መተው ምን ያስቸግራል? ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ከመካከላቸው ብልጦች ተገኙ፦ ዓርብ መረባቸውን ዘርግተው እሑድ ያወጡታል። "ቅዳሜ መቼ አሰገርን?" ይላሉ።

የጉማራ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ሰውም የሚለው ቃል በቃል ያህል ይኸው ነው። "እኔ ወንዝ አልገባሁም፣ ሐይቅ ውስጥ ነኝ" ይላል። ልክ ነው፣ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ዓሣው ወንዝ ከመግባቱ ሃምሳ ሜትር ቀደም ብሎ።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን እኛን የነካን የአጥፊዎቹ ነገር ብቻ አይደለም። የከተማዋ ሰው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን ጣሰ። አንዱ ወገን መከረ፣ ከለከለ። ሦስተኛው ወገን አልጣሰም፣ ግን የሚመክሩትን "ምን አደከማችሁ? እነዚህ እንደሆነ ያለቀላቸው ናቸው" አላቸው። የከለከሉት ዳኑ፣ የጣሱት ተቀጡ፤ ሦስተኞቹ ምን ሆኑ ለሚለው ቁርኣኑ በግልጽ ስላልተናገረ ዑለሞች ተለያይተውበታል። በእኛ እምነት አብዛኛው የከተማ ወጣት ዛሬ ያለው እዚያ ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። ብርብራ አልወቀጠም፤ መረብ የለውም፤ ግን "ምን አገባኝ" ብሏል።

መምከር ሲባል ታዲያ ማንን? እዚህ ላይ ረጋ ብለን ማየት አለብን፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚያዘው ድሃው ነው።

የጣናን ዓሣ ከጥንት ጀምሮ የሚያሰግሩት የወይጦ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ራሳቸውን ነገደ ብለው የሚጠሩት። ሙስሊሞች ናቸው። በደንገል ታንኳ ተነስተው ለቤታቸውና ለቅርብ ገበያ ያወጡ ነበር። ጎረቤት ለብዙ ዘመን ንቆ ያያቸው ሕዝብ ናቸው፤ ይህን አሁን አንዘረዝረውም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሆላንድ ሰዎች ድጋፍ የተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና አስገባ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል። ግን በደንገል ታንኳ ቀኑን ሙሉ የማይደረስበት የጉማራ አፍ ለሞተር ጀልባ ቅርብ ሆነ። ነጭ ዓሣው የቀነሰው የሞተሩ መረብ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚሉት፣ ውኃ ውስጥ የማይታይ ቀጭን መረብ መጣ፤ በኮንትሮባንድ እንደሚገባ በሰፊው ይነገራል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበጠሳል፣ የተበጠሰው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ቀርቶ ያለ ባለቤት ማጥመዱን ይቀጥላል። ይህን መረብ ጭኖ ያስገባውና ለአስጋሪው በዱቤ የሚሰጠው ሰው ውኃ ላይ የለም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። ቁጥጥር ሲመጣ መረቡን የሚቀማው ታንኳ ላይ ያለው ነው፤ የመረቡ ዕዳ ግን ከእሱ ጋር ይቀራል።

አንድ በሥራው የቆየ አስጋሪ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ተጨዋውተን ነበር። ስሙን አንጠቅስም። "ጋሼ፣ ክረምት ላይ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ክልክል መሆኑን ያውቃሉ አይደል?" አልነው።

"እናንተ ልጆች፣ ከእናንተ በፊት ነው የማውቀው" አለን። "ግን እኔ ብተወው ያኛው ይጥለዋል። እኔ ዓሣም አጣሁ፣ ዓሣውም አልዳነ። ደግሞ ርብን ገድበውት የለም እንዴ? ዓሣው ወዴት ይውጣ? ለእኔ ለአንዱ መረብ ነው ሕጉ?"

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ ብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ እናደንቀዋለን። የርብ ግድብ እውነት ነው፤ ነጭ ዓሣው ሽቅብ ከሚወጣባቸው ወንዞች አንዱ ላይ ነው የተሠራው። የመስኖ ፓምፕ አለ፤ ከወንዝ ዳር አሸዋና ጠጠር እየተዛቀ ይጫናል፤ እንቁላሉ የሚጣለው ደግሞ እዚያው ጠጠር ላይ ነው። መስኖው ገበሬ ያበላል፣ አሸዋው ቤት ይሠራበታል፤ እንዲቆም እያልን አይደለም። ግን ለአስጋሪው ብቻ ጣት እየጠቆሙ "ሕግ ይከበር" ማለት ጆሮ አያገኝም። የሌላው ጥፋት የእኛን መረብ ሐላል አያደርገውም፤ ይህንንም ለጋሼ ነግረናቸዋል። ዝም አሉን። ያ ዝምታ መስማማት ነው ወይስ ድካም፣ እስካሁን አልለየንም።

ሕጉ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅና ደንብ አውጥቷል። ጣና ራሱ በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። የጎደለው ወረቀት አይደለም። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው የጎደለው። በእኛ በኩል ደግሞ ከነጭራሹ ሱሃ ላይ ብርብራ መበተን በሕግ ክልክል መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ስንት ነው?

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ያዙት? ስኮትላንድ ውስጥ በወንዝ ላይ የመፈተሽና መረብ የመውረስ ሥልጣን በሕግ የተሰጣቸው የወንዝ ዘበኞች አሉ። እሑድ ቀን ሳልመን ማስገርም በሕግ ክልክል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ዓሣው በሰላም ይለፍ የሚለው የቆየ አሠራር ዛሬም አለ። (የሰንበት ሰዎች ታሪክ እንደገና!) ኖርዌይ በፈረንጆቹ 2024 ሰኔ ላይ የሳልመኑ ቁጥር አሽቆልቁሎ ሲታይ 33 ወንዞችን በአንድ ጊዜ ለአስጋሪ ዘጋች፤ ሰዉ ለዓመት ያቀደውን ጉዞ ሰርዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኛ የእነሱ በጀት የለንም። የእነሱ ዘበኛ ያደረገውን ግን ገዢ ሊያደርገው ይችላል፤ ሊሸጠው የማይችለውን ዓሣ ሌሊት ወጥቶ የሚያጠምድ ሰው የለምና።

ስለ ገዢ ካነሳን የጊዜው ነገር አለ። በከተሞቻችን ዓሣ በብዛት የሚፈለገው በጎረቤቶቻችን የጾም ወራት ነው። ሁዳዴ በበጋ ስለሆነ ነጭ ዓሣው መራቢያ ላይ አይደለም። ፍልሰታ ግን ነሐሴ 1 ይገባል፤ ነጭ ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ በሚታጨቅበት መሐል ላይ ማለት ነው። ጾሙ ጥፋት አለበት ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን፤ እንዲህ ብሎ የሚተረጉም ካለ ከእኛ አይደለም። ያኔ ዓሣ የሚበላው ክርስቲያን ጎረቤታችን ብቻ አይደለም፣ እኛም ነን፤ ነጋዴውም ከሁለቱም ወገን አለ። ስለዚህ ይህን ጉዳይ አንድ መስጂድ ወይም አንድ ቤተ ክርስቲያን ለብቻው አይፈታውም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሼኾቹም ቄሶቹም፣ አንድ ላይ ቁጭ ብለው "ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ አንገዛም፣ ቆሮሶና አምባዛ ይበቃናል" ቢሉ ገበያው በሁለት ሳምንት ይሰማዋል። ፈሌቶ ሆኖ የሚመጣ ዓሣ ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሻጩን ሙሉውን ዓሣ አሳየን ማለት ነው። ነጭ ዓሣ ቅርፊቱ ትልልቅና ብርማ ነው፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፤ ቆሮሶ ሰፋ ያለ ነው፣ የጀርባ ክንፉም እሾሃማ ነው። ሆዱ ሲከፈት እንቁላል የሞላው ነጭ ዓሣ ካመጣ፣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው።

ብርብራ የሚበትነውን ልጅስ? ከዚህ በፊት ያየነው አካሄድ አለ፤ ስልክ አውጥቶ ፊቱን ቀርጾ መለጠፍ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ሰፈር ሙሉ ሲሰድበው ውሎ ማታ የሚማረው ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ ራቅ ብሎ መሄድን ነው። ሰብሰብ ብሎ መምታትማ ጭራሽ አይነሳ። ነሲሓ ለብቻ ነው የሚሰጠው። ወንዙ ዳር አብረን እንቀመጥ፤ የተንሳፈፉትን ጫጩቶች ራሱ ይቁጠራቸው። ከቻልን መንጠቆ እንስጠው፤ ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አይበልጥም። ደጋግሞ የሚያደርገውን፣ በተለይ ልጆችን ብርብራ እያስወቀጠ ዓሣውን ከተማ አምጥቶ የሚሸጠውን አዋቂ ግን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መንገር ሐሜት አይደለም፣ ማዋረድም አይደለም። ልጁንና አዋቂውን በአንድ ዓይን ማየት ግፍ ነው፤ እስካሁን የተደረገው ግን ልጁን መያዝና አዋቂውን መተው ነው።

"ዓሣ በባሕር አያልቅም" የሚል ካለ ፊሊፒንስን ይመልከት። ሚንዳናኦ ደሴት ላይ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ዳሩ ላይ የማራናኦ ሙስሊሞች ከተማ ማራዊ አለች። ያ ሐይቅ ልክ እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ፣ ከአንድ ወገን የመጡ ዓሦች ቤተሰብ ነበረው። ከውጭ ሌሎች ዓሦች ገቡ፤ በዚያ ላይ ከልክ ያለፈና አጥፊ የሆነ አሰጋገር ተጨመረ። በፈረንጆቹ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ 15ቱ ከምድረ ገጽ መጥፋታቸውን አወጀ፤ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ አልቀረም ተባለ። አያቶቻቸው የበሏቸውን ዓሦች የማራዊ ልጆች ዛሬ በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ከላናኦ በኋላ እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ የቀረው ጣና ላይ ነው።

እኛ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ በብቸናና በሞጣ ያሉ ዓሣ አቅራቢዎችንና ምግብ ቤቶችን እየዞርን ለማነጋገር አስበናል፤ ነሐሴ ከገባ በኋላ መነጋገር ምንም አይጠቅምም፣ ዓሣው ያኔ ወንዝ አፍ ደርሷል። ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው ይበቃል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጁሙዓ በኋላ አግኙን።